ፊደሉ ዝም ሲል እኛ ለምን እንጮሃለን?

ባለፈው ሰሞን ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ምሳ ልንበላ አንዲት ትንሽ ምግብ ቤት ገባን። አራት ነን፤ አራታችንም ዲግሪ አለን (ዲግሪያችን ሒሳብ አይከፍልልንም እንጂ!)። ሜኑው በአማርኛና በእንግሊዝኛ በኮምፒውተር ተጽፎ፣ በላስቲክ ታሽጎ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። «የበግ ጥብስ» ከሚለው ጎን በእንግሊዝኛ የተጻፈው ግን በግ አልነበረም። መጨረሻው ላይ ቢ መግባት ሲገባት ፒ ገብታ ቃሉ «ላምፕ» ሆኗል። እንግዲህ የመብራት ጥብስ መሆኑ ነው።

ሳቁን አትጠይቁኝ። አንዱ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አነሳ። ሌላው አስተናጋጇን ጠርቶ «እህቴ፣ መብራቱን የምትጠብሱት ሲበራ ነው ሲጠፋ?» አላት። ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም። በጣቱ ሲያሳያት ግን ፊቷ ቲማቲም መሰለ። «እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች ቀስ ብላ። ይህን ከሰማን በኋላ እንኳን አላቆምንም። ፎቶው ገና ሒሳብ ሳንከፍል ፌስቡክ ላይ ወጥቶ ላይክ ይሰበስብ ነበር።

«አላቆምንም» ያልኩት እኔም ስለሳቅኩ ነው። ማታ ቤቴ ገብቼ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ለመሆኑ ልጅቷ ምን አጠፋች?

እስቲ ረጋ ብለን እንየው። የበግ ግልገል በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ኤል-ኤ-ኤም-ቢ ነው። ሲነገር ግን ቢዋ አትሰማም። አጥርቶ የሚናገር ሰው የሚለው «ላም» ነው። አዎ፣ «ላም»! ልጅቷ እንግሊዝኛውን አስተካክላ ብትናገር ኖሮ በጉ ላም ሆኖ ያርፈው ነበር፤ ያኔም መሳቃችን አይቀርም። እሷ ግን መጨረሻ ላይ አንዲት ዝም ያለች ፊደል እንዳለች ታስታውሳለች። የትኛዋ እንደሆነች ነው የጠፋባት። ጆሮዋ አይረዳት ነገር ፊደሏ አትሰማም። ገመተች፤ ተሳሳተች። በቃ፣ ይኸው ነው ወንጀሏ።

ይህ ጽሑፍ በእንደነዚህ ያሉ ፊደላት ምክንያት ለተሳቀባቸው፣ ለተገረፉና «ደደብ» ለተባሉ ሁሉ የቆመ ነው። የሚከሰው ደግሞ ፊደላቱን አይደለም። የሚከሰው አንዲት አጭር መልስ ነው፤ «እንዲሁ ነው!» የምትባለዋን።

«እንዲሁ ነው!»

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ዲክቴሽን እየጻፍን ነው። አሥር ቃላት ይጠራሉ፤ ለእያንዳንዱ ስህተት አንድ ማስመሪያ መዳፍ ላይ ያርፋል። ስድስተኛው ቃል ረቡዕ ነበር። በጆሮዬ የሰማሁት «ዌንስዴይ» ነው፤ የሰማሁትን ጻፍኩ። ደብተሬ በቀይ ተዥጎርጉሮ ተመለሰልኝ። ዲ ጎድላለች፣ ኢ ጎድላለች። መዳፌን ከተመታሁ በኋላ እንባዬን እየጠረግኩ «ቲቸር፣ ዲዋ ካልተነበበች ለምን እንጽፋታለን?» አልኩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መልሱም መጣ፤ «እንዲሁ ነው! ሃምሳ ጊዜ ጽፈሽ ነይ!»

ሃምሳ ጊዜ ጻፍኩ። ረቡዕን ስጽፍ ሐሙስ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ቃሉን ዛሬም ድረስ አልሳትኩትም፤ የማልስተው ግን በማስመሪያው ኃይል አይደለም። ከጎኔ የምትቀመጥ ልጅ «በሆድሽ ዌድ-ነስ-ዴይ በዪ» ብላ ስለመከረችኝ ነው። እናንተም እንደዚህ አድርጋችሁ እንደተማራችሁ አልጠራጠርም። በአፍ «ናይፍ»፣ በሆድ «ክናይፍ»። በአፍ «አይላንድ»፣ በሆድ «ኢስላንድ»። ዘዴዋን ልጆች ለልጆች ነው የምናወርሳት። አስተማሪ ፊት ጮክ ብሎ «ክናይፍ» ያለ ልጅ ግን ወዮለት፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ቅጽል ስሙ ሆኖ ይቀራል።

የረቡዕን ነገር ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው። የጥንት እንግሊዞች ክርስትናን ከመቀበላቸው በፊት «ዎደን» የሚባል አምላክ ነበራቸው። ረቡዕ የእሱ ቀን ነበር፤ ስሙም «የዎደን ቀን» ማለት ነው። ያቺ ዝም ያለች ዲ የዎደን ዲ ናት። አምላኩ ከተረሳ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ፊደሉ ግን በየሳምንቱ ይጻፋል። አያችሁ? ጥቂት ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ሃምሳ ጊዜ ከመጻፍ ያነሰ ቀለም ይፈጃሉ። ማስመሪያም አይሰብሩም።

ዝምታው ከየት መጣ?

እነዚህ ፊደላት አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ለእኔ ሦስት ወገን ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ድሮ ይናገሩ የነበሩ ናቸው። «ናይፍ» (ቢላዋ) እና «ኒ» (ጉልበት) መጀመሪያቸው ላይ ያለችው ኬ በጥንቱ እንግሊዝኛ በደንብ ትነገር ነበር። ጀርመኖች ጉልበትን ዛሬም «ክኒ» ነው የሚሉት። «ናይት» (ሌሊት) መሃል ላይ ያሉት ጂ እና ኤችም የኛን «ኸ» የሚመስል ድምፅ ነበራቸው፤ ጀርመኖቹ ዛሬም ሌሊትን «ናኽት» ይላሉ። እንግዲህ በክፍል ውስጥ «ክናይፍ» ብሎ የተሳቀበት ልጅ ኬዋን ያነበባት ራሳቸው እንግሊዞች ያነቧት በነበረበት መንገድ ነው። የተሳሳተው በጥቂት መቶ ዓመታት ብቻ ነው!

ታዲያ ድምፁ ሲጠፋ ፊደሉ ለምን አብሮ አልጠፋም? አንዱ ምክንያት ማተሚያ ነው። ዊልያም ካክስተን የሚባል ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1476 የመጀመሪያውን ማተሚያ እንግሊዝ አገር አቆመ። መጻሕፍት እየተባዙ ሲሄዱ አጻጻፍ ቀስ በቀስ ረጋ። የሰው አፍ ግን አልረጋም፤ መለወጡን ቀጠለ። አፉ ሲሄድ ፊደሉ ቆሞ ቀረ። ካክስተን ከዚያ በፊት ፍላንደርስ ውስጥ ያትም ነበርና «ጎስት» (መንፈስ) በሚለው ቃል ውስጥ ያለችው ኤች ከዚያ አገር አጻጻፍ የመጣች ናት ይባላል። ስንቱ ተማሪ ለዚህች ሰበበኛ ኤች መዳፉን ሰጥቷል!

ሁለተኞቹ ደግሞ ይባስ፤ በእንግሊዞች አፍ ተናግረው የማያውቁ ናቸው። ዕዳ ማለት የሆነው «ዴት» ከፈረንሳይኛ ሲገባ ቢ አልነበረችበትም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ላቲን የሚወዱ ምሁራን «የዚህ ቃል አያት በላቲን ቢ አለው» ብለው አስገቡባት። «ዳውት» (ጥርጣሬ) ላይም እንደዚሁ። «ሪሲት» (ደረሰኝ) ውስጥ ያለችው ፒም የዚያው ጣጣ ናት። ከሁሉም የሚያስቀው የ«አይላንድ» (ደሴት) ኤስ ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ መስሏቸው ኤስ ጨመሩበት። ቃሉ ግን የራሳቸው የጥንት ቃል ነበር፤ ከላቲን ጋር ዝምድና የለውም። ማለትም የተማሩ ሰዎች ተሳሳቱ፤ ስህተታቸው አረጀ፤ ሲያረጅ ሕግ ሆነ። ዛሬ ትክክለኛውን የጻፈ ልጅ በስህተቱ ሕግ ይቀጣል።

ሦስተኞቹ ዝም ብለው የሚሠሩ ናቸው። «ሆፕ» (ተስፋ) መጨረሻ ላይ ያለችውን ኢ ተመልከቱ። ራሷ አትናገርም፤ እሷ ከሌለች ግን ተስፋው በአንድ እግር መዝለል ይሆናል። «ሜድ» (ተሠራ) ያለ እሷ «ማድ» (እብድ) ነው። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እንደሚባለው፣ ይህች ኢ አፏን ዘግታ ፊት ያለውን አናባቢ ታዝዛለች።

ባለቤቶቹም አልቻሉትም

እዚህ አገር ስፔሊንግ የሳተ ሰው እንደ ሰነፍ ይታያል። ባለቋንቋዎቹ ራሳቸው ግን ለዘመናት ሲያማርሩ ኖረዋል። አሜሪካዊው ኖህ ዌብስተር እ.ኤ.አ. በ1828 ባሳተመው መዝገበ ቃላት ከ«ከለር» (ቀለም) ላይ ዩን፣ ከ«ሚውዚክ» ላይ የመጨረሻዋን ኬ ማንሳት ሆኖለታል። ምላስ የሚለውን ቃል ቲ-ዩ-ኤን-ጂ ብላችሁ ጻፉ ሲል ግን የሰማው የለም። ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት እ.ኤ.አ. በ1906 የመንግሥት ማተሚያ ቤት 300 ቃላትን በቀለለ አጻጻፍ እንዲያትም አዘዙ፤ ጋዜጦች አላገጡባቸው፤ ምክር ቤቱም በዚያው ዓመት አስቆማቸው። ደራሲው በርናርድ ሾው እ.ኤ.አ. በ1950 ሲሞት ለእንግሊዝኛ አዲስ ፊደል እንዲቀረጽ ገንዘብ ተናዝዞ ነበር። ፊደሉ ተቀረጸ፤ የጻፈበት ሰው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት በ13 የአውሮፓ ቋንቋዎች ንባብ የሚጀምሩ ሕፃናትን አነጻጽሮ ነበር። በእንግሊዝኛ የሚጀምሩት ሕፃናት መሠረቱን ለመያዝ ከአብዛኞቹ እኩዮቻቸው ከእጥፍ በላይ ጊዜ እንደሚፈጅባቸው አሳይቷል። ከምክንያቶቹ አንዱ ይኸው የአጻጻፉ ውስብስብነት ነው። ልብ በሉ፣ እነዚህ ቋንቋውን ከእናታቸው አፍ የሰሙ ልጆች ናቸው! የኛ ልጅ ከክፍሉ ውጭ እንግሊዝኛ ሳይሰማ ሲስት «ደደብ» የሚባለው በየትኛው ሒሳብ ነው?

የራሳችን ቤትስ?

«የፈረንጅ አፍ እንዲህ ነው፤ የኛ ፊደል ግን እንደተጻፈ ይነበባል» እያላችሁ የምትኮሩ አላችሁ። እኔም እኮራለሁ፤ ግን ቀስ እንበል። ሀ፣ ሐ እና ኀ በዛሬው አማርኛ አንድ ድምፅ ናቸው። ሰ እና ሠም እንደዚያው። አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም አሉ። ሞክሼ ፊደላት የምንላቸው ማለት ነው። በግዕዝ ግን ሰረቀ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ሌብነት ነው፤ ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ፀሐይ መውጣቷ ነው። የቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ሽማግሌ ብትጠይቁ ይህን ቁጭ አድርጎ ይነግራችኋል። «እንዲሁ ነው» አይላችሁም።

ደግሞ ሌላ አለ። እንግሊዝኛ ድምፅ የሌለው ፊደል አለው፤ አማርኛ ደግሞ ፊደል የሌለው ድምፅ አለው። «ገና» ብዬ ብጽፍላችሁ የልደት በዓል ነው ወይስ «ገና አልመጣም» የሚባለው ገና? «አለ» ስል ተናገረ ነው ወይስ ይገኛል? ማጥበቅና ማላላቱን ፊደሉ አይነግራችሁም፤ እናንተ ከአፋችሁ ትጨምሩበታላችሁ። አማርኛ የሚማር የውጭ ሰው እዚህ ላይ ሲደናቀፍ ግን አንስቅበትም። «አይዞህ፣ ጎበዝ!» እንለዋለን፤ ቡናም እንጋብዘዋለን። ለአስተናጋጇ ልጅ ያልነበረን ትዕግሥት ለእሱ ከየት መጣ?

«ታዲያ እንደፈለግን እንጻፍ?»

አውቃለሁ፣ አሁን አንዳንዶቻችሁ «ይቺ ልጅ ስፔሊንግ ይቅር ልትለን ነው» እያላችሁ ነው። በፍጹም! አንድ የሥራ ማመልከቻ የሚያነብ ሰው በስፔሊንግ ይፈርዳል፤ እንዲፈርድ አልመርቀውም፣ ግን ይፈርዳል። ከዚያም በላይ ዝም ያሉት ፊደላት ለዓይን ይሠራሉ። «ናይት» ሲባል ሌሊቱን ከፈረሰኛው የምትለየው ኬ ናት። «ራይት» ሲባል መጻፍን ከትክክል የምትለየው ደብልዩ ናት። በጆሮ አንድ የሆኑትን በዓይን ይለያዩልናል።

«ኮምፒውተር ያርመዋል» የሚሉም አሉ። ያ ሜኑ እኮ በኮምፒውተር ነው የተጻፈው! ኮምፒውተሩ መብራትን ቀይ አላሰመረበትም፤ መብራት ትክክለኛ ቃል ነዋ። ማሽን ቃሉ መኖሩን እንጂ በግ ፈልጋችሁ መብራት መጻፋችሁን አያውቅላችሁም።

ስለዚህ መማር አለብን፤ ግን በምክንያት። ብዙዎቹ ዝምተኛ ፊደላት በዘመዶቻቸው ቤት ይናገራሉ። «ሳይን» (ምልክት) ውስጥ ጂ ዝም ትላለች፤ «ሲግናል» ላይ ትናገራለች። «ቦም» (ቦምብ) ላይ ሁለተኛዋ ቢ ዝም ትላለች፤ «ቦምባርድ» ላይ ትፈነዳለች። «መስል» (ጡንቻ) ላይ የማትሰማው ሲ «መስኩላር» ላይ ትሰማለች። «ቱ» (ሁለት) ውስጥ ደብልዩዋ ምን ትሠራለች ብላችሁ ታውቃላችሁ? «ቱዌልቭ»፣ «ቱዌንቲ»፣ «ቱዊንስ» በሉ፤ አሥራ ሁለት፣ ሃያ፣ መንታ። ሁሉም የሁለት ልጆች ናቸው፤ ደብልዩዋ የቤተሰቡ ምልክት ናት። «ኮለም» የሚለው የጋዜጣ ዓምድ መጨረሻው ላይ ኤን አለችው፤ አትሰማም። «ኮለምኒስት» ሲሆን ግን ትሰማለች። እኛ እዚህ የምንጽፈው ሰዎች ለዚያች ኤን ሥራ ሰጥተናታል ማለት ነው!

አንድ ልጅ እነዚህን በቤተሰብ በቤተሰብ ሰብስቦ ቢማር፣ ኬ እና ኤን ቃል ሲጀምሩ ኬ ዝም እንደምትል፣ ደብልዩ እና አር ሲጀምሩ ደብልዩ ዝም እንደምትል፣ ኤም እና ቢ ቃል ሲጨርሱ ቢ ዝም እንደምትል ቢነገረው፣ አብዛኛው መንገድ ተጠረገለት። የቀሩትን ይሸምድድ፤ ግድ የለም። ሽምደዳ ቅመም ሲሆን ጥሩ ነው፤ ወጡ ራሱ ሲሆን ነው የሚገድለን።

የሚያስከፍለን ዋጋ

«ይቺ ሁሉ ሐተታ ለአንዲት ቢ?» ትሉ ይሆናል። እንግዲያው የራሴን ልንገራችሁ።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ፣ በጋዜጠኝነት ትምህርት ፈተና ላይ፣ አንድ ዜና ቀርቦልን ምንጩን እንድንገመግም ተጠየቅን። ምንጩ አላሳመነኝም። «ይህን ምንጭ እጠረጥረዋለሁ» ብዬ ልጽፍ ብዕሬን አነሳሁ። «ዳውት»… ቢዋ የት ነበረች? ከቲ በፊት ናት ከዩ በፊት? ሰዓቱ ይሄዳል። ማስመሪያው መዳፌ ላይ የተነሳ መሰለኝ። ተውኩትና «እርግጠኛ አይደለሁም» የሚል ቀላል ነገር ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ ጠርዙ ላይ «አቋምሽ ግልጽ አይደለም» ተብሎ ተጽፎበታል።

አቋሜ ግልጽ ነበር። ግልጽ ያልሆነችልኝ አንዲት ቢ ናት። ጋዜጠኛ ሥራው መጠርጠር ነው፤ እኔ ግን ስፔሊንጉን ፈርቼ ጥርጣሬዬን ዋጥኩት። አሁን ይህን በአገሩ ተማሪ ሁሉ አባዙት። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። «ስኩል» የሚለው ቃል ራሱ የማትሰማ ኤች አለችው። «ሳይኮሎጂ» በማትሰማ ፒ ይጀምራል። ፍርሃት ያለበት ልጅ የሚያውቀውን አይጽፍም፤ ስፔሊንጉን የሚያውቀውን ብቻ ነው የሚጽፈው። ትልቅ ሐሳብ ይዞ ትንሽ ቃል ይመርጣል። ከዚያ «የዛሬ ልጆች ሐሳብ የላቸውም» እንላለን። ሐሳቡማ ነበር፤ ቀዩ እስክሪብቶ ነው ያስፈራው።

ስለዚህ መምህራን ሆይ፣ ስህተቱን አርሙ፤ ግን ሐሳቡን ለብቻው፣ ስፔሊንጉን ለብቻው አርሙ። «ለምን?» የሚል ልጅ ሲገኝ «እንዲሁ ነው» አትበሉት። መልሱን ካላወቃችሁ «ነገ አይቼ እነግርሃለሁ» በሉት፤ ክብራችሁ አይቀንስም። ቀጣሪዎች ሆይ፣ በአንዲት ፊደል ማመልከቻ ከመጣላችሁ በፊት ሰውየው የሚሠራው ሥራ ምን እንደሆነ አስቡ። የታፔላና የሜኑ ፎቶ እያነሳን የምንስቅ ደግሞ… እኛን ምን እንበለን? ቢያንስ ያቺ ፊደል ለምን እንደተቀመጠች የማናውቅ ከሆነ አንሳቅ።

ከሳምንት በኋላ ወደዚያች ምግብ ቤት ብቻዬን ተመለስኩ። ፎቶውን ባልደረባዬ እንዲያነሳው ለምኜ አንስቶታል፤ ግን ምን ዋጋ አለው፣ ሰው ተቀባብሎታል። ሜኑው ላይ ፒዋ በእስክሪብቶ ተሰርዛ ቢ ተተክታለች። ልጅቷ ስታየኝ ልትሸሽ ፈለገች። ይቅርታ ጠየቅኳት። ዝም አለች። ቡናዬን አምጥታ ስታስቀምጥ ግን ድንገት «እህቴ፣ ቢዋ ካልተነበበች ለምን አስቀመጧት?» አለችኝ።

አምስተኛ ክፍል ሳለሁ የጠየቅኳት ጥያቄ ናት! ሃምሳ ጊዜ ካስጻፈችኝ በኋላ ጠይቄያት አላውቅም። በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ የነበርነው ባለ ዲግሪዎችም አንዳችንም አልጠየቅናትም።

«ድሮ ትነበብ ነበር» አልኳት። «አፋቸው ተዋት፤ እጃቸው ግን አልተዋትም።»

ትንሽ አሰበችና «እንደዚያ ብለው ቢያስተምሩን ምን ነበረበት?» ብላ ወደ ሌላው ጠረጴዛ ሄደች።

እኔም ይኸው እየጠየቅኩ ነው። ምን ነበረበት?